የመንገድ ወሬ ከጓዳ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ከጠዋት እስከ ምሳ የመብራት ቆጣሪ ስፈታ፣ ከምሳ በኋላ የፈታሁትን ስገጥም ዋልኩ። አንዱ ቆጣሪ ውስጥ የደረቀ እንሽላሊት ተገኘ። ቆጣሪው ግን በትክክል ይቆጥራል። ለምን ወደ ጥገና ክፍል እንደተላከ የሚያውቅ ሰው የለም። እንሽላሊቱን አውጥቼ ገጠምኩት... አሁን አይቆጥርም።

ከሥራ ስወጣ መካኒኩ ጋ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ "ሐኪሙ" ነው የሚለው፤ ብስክሌት ሲያመጡለት መጀመሪያ ጆሮውን አስጠግቶ ስለሚያዳምጥ። አዲሱን የኋላ ዕቃ መጫኛ ገጠመልኝ። አሮጌውም ምንም አልሆነ፣ ግን ይሄኛው ሰፊ ነው። ግራና ቀኝ ትልልቅ ቦርሳ ይይዛል።

ብረት በመሆኑ ሰው ይስቅብኛል። "አሁን እኮ በአንድ ጣት የሚነሳ ብስክሌት ወጥቷል" ይሉኛል። በአንድ ጣት አንስቼው የት ላደርሰው? ብረት ቢጣመም ይቃናል፤ ቢሰበርም በያጅ የሌለበት መንደር የለም። አስፋልት ቢሉት አስፋልት፣ ኮረኮንች ቢሉት ኮረኮንች። ጎማው ወፈር ያለ፣ ማርሹ ለዳገት የታሰበ። በእሱ ነው ልጄ ጋ የምሄደው። ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ነው ያገባችው፤ ሦስት ዓመት ሆናት። ቤቷን አላየሁትም። እናቷ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። እኔ በብስክሌት እመጣለሁ ብያለሁ። ብስክሌቱ ተሠርቶ ሲያልቅ።

ባለቤቴ ራት ላይ፣ "መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

"አምናም ትንሽ ነበር የቀረው።"

ወጥቼ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት።

ጥቅምት 8

አዲስ የቆዳ ኮርቻ ገጠምኩ። ድንጋይ ነው። ለሐኪሙ ነገርኩት።

"እስኪለምድዎት ነው ጋሼ።"

"እኔ እስክለምደው ማለትህ ነው?"

"አይ። እሱ ነው እርስዎን የሚለምደው። ቆዳ እኮ ነው።"

ቢሮ እንደ ዳክዬ እየሄድኩ ገባሁ። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ አየኝ... ልጅ ስለው እኩያዬ ነው። ድምፁ ወርዶ ስለማያውቅ "ቮልቴጅ" ነው የምንለው። "መቼ ነው ታዲያ ጉዞው?" አለኝ። "በቅርቡ" አልኩት። እኔ "በቅርቡ" የምለው ነገሩ እንዲያልፍ ነው። እሱ ግን ቀጥታ አለቃ ቢሮ ገባ።

አለቃ ራሳቸው ወንበሬ ድረስ መጡ። "ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ፈቅጄልሃለሁ።"

"ገና አልጠየቅኩም እኮ አለቃ..."

"አውቃለሁ። አንተ ይሉኝታ ታበዛለህ።"

ጨበጡኝ። እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

የሽኝት ኬክ ቆረስን። ኬኩ ላይ በክሬም ብስክሌት ተስሏል፤ ሦስት ጎማ አለው። ክሬሙ ተርፎ ነው አሉ።

አለቃ ንግግር አደረጉ። "እኛ የሰው ቆጣሪ ስንጠግን የራሳችን ቆጣሪ ሮጠ" አሉ። ከዚያ መቀጠል አቃታቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። እኔ ያለቀስኩት ግን መሪው ገና ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት ስላለበት ነው።

ስጦታ ተሰጠኝ። የሻይ ሰሐን የሚያህል ደወል። ቮልቴጅ እዚያው አስጮኸው፤ ፎቅ ላይ ያሉት የሒሳብ ክፍል ሰዎች እሳት ተነሳ ብለው በደረጃው ወረዱ።

በየቀኑ እደውላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ወጣሁ። ተመለስኩም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። ከቢሮም መጥተዋል። ባለቤቴ ከቤታችን ጋር የተያያዘውን የፀጉር ቤቷን መጋረጃ ገልጣ፣ ደንበኞቿ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ መስኮት ላይ ተደርድረዋል። ጭብጨባ። ደወሉን አስጮኽኩ። ነዳሁ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ያማረ ነበር።

ከታጠፍኩ በኋላ ታወቀኝ። ፔዳሉን ስረግጥ ተረከዜ የኋላውን ቦርሳ ይመታል። ዷ... ዷ... ዷ። በየዙሩ። አሁን ይህ ምንድነው? ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እየመታሁ ልሄድ ነው? ቆምኩ። መጫኛውን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ። መንገድ ዳር እንዳልሠራው ግን መፍቻው ቦርሳው ሥር ነው፤ ቦርሳው ደግሞ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱን ያሰረው ቮልቴጅ ነው፤ አይፈታም።

በኋላ በር በኩል ገባሁ። ባለቤቴ ፀጉር እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘግታ ወደ ጓዳ መጣች።

"ምን ረሳህ?"

"ተረከዜ ይመታል።"

"ምኑን?"

"ቦርሳውን።"

እጇን በፎጣ አደረቀች። ከፊት ለፊት የሸኚዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ገና አልተበተኑም። ቮልቴጅ ስለ ጀግንነት ያወራል።

"እስኪሄዱ እዚህ ቁጭ በል" አለችኝ። "እንዳታስል።"

ሸኚዎቹ ሄዱ። ግን ሠፈሩ ሁሉ ደንበኛዋ ነው፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። በዚህ ሁሉ ዓይን መሐል እንደገና እንዴት ይወጣል?

ጥቅምት 18

ጓዳ ውስጥ ነኝ። ብስክሌቱ፣ ፎጣዎች፣ የፀጉር ቀለም ካርቶን፣ እኔ። መጫኛውን ወደ ኋላ ገፋሁት። ተረከዜ አይመታም። አሁን ግን ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀለለ፤ መሪውን ስነካው እንደ ፈራ በግ ይወናወናል። የፊት መጫኛ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የፊት መጫኛ ከተገጠመ ደግሞ የፊት ፍሬኑ...

ነገ እወጣለሁ።

ጥቅምት 20

ቮልቴጅ ደወለ። አንስቼ ነበር፤ ለምን አነሳሁ?

"የት ደረስክ?"

"መንገድ ላይ ነኝ።"

"ስንት ኪሎ ሜትር?"

አፌ ላይ የመጣልኝ "ሠላሳ" ነው። ብዙ መዋሸት እፈራለሁ። ስለዚህ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምዋሸው።

"ይሄ የሚያጓራው ምንድነው?"

መጋረጃው ማዶ ያለው ካስክ ነው፣ ፀጉር ማድረቂያው። "ነፋስ ነው" አልኩት።

"ከባድ ነው?"

"ሞቃት ነው።"

ጥቅምት 21

ሐኪሙ መጣ። የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ወንድ መካኒክ ምን ይሠራል? ባለቤቴ ደንበኞቿን "ካስኩን ሊጠግን ነው" አለቻቸው። ጓዳ ገብቶ ብስክሌቱን በጆሮው አዳመጠ። እኔን እዚያ በማግኘቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

"ከፊት ባዶ ሆድ ነው" አለ። የፊት መጫኛ ገጠመ። መሪውን ከፍ አደረገ። ጭቃ መከላከያውን አጠበቀ። ሲወጣ ሴቶቹ "ካስኩስ?" አሉት። በሕይወቱ ካስክ ነክቶ አያውቅም። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ አንድ ብሎን አላላ፣ አንድ አጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ እጥፍ ሆኗል። ደንበኞቹ ወደውታል።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

ጓዳ ውስጥ የሚሰማ ነገር ብዙ ነው። ዛሬ የተወራው ስለ እኔ ነው።

አንዷ ደንበኛ፣ "የኔው ባልማ ሶፋው የሱን ቅርጽ ይዟል። ያንቺ ግን ሰው ነው።"

"ይደውልልሻል?"

ባለቤቴ፣ "ማታ ማታ። 'ዳገት ላይ ደክሞኝ ስቆም የማስበው አንቺን ነው' ይለኛል።"

አንዷ አፍንጫዋን ጠረገች።

እኔ ፎጣዎቹ መሐል ነኝ። እንዲህ ብያት አላውቅም። ውሸቱን እንደዚያ እንደ ቅቤ ሲፈስላት ሰምቼ ደነገጥኩ... ቀጥሎ ደግሞ፣ ከየት አመጣችው? መስማት የምትፈልገው እሱን ነው ማለት ነው?

ከተዘጋ በኋላ፣ "ስለ እኔ ብለሽ በመዋሸትሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ስላንተ አይደለም። ደንበኞቼ ናቸው። የሸኙት ሰው ጓዳ ተቀምጧል ብላቸው ማን ፀጉሩን ይሰጠኛል?"

ጥቅምት 24

ልጄ ደወለች። ለእናቷ ነው የደወለችው፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሰማኋት።

"እማዬ፣ እውነት አባዬ ወጥቷል?"

"ወጥቷል።"

"በዓይንሽ አይተሻል?"

"ሠፈሩ ሁሉ አይቷል።"

"አልጋ አንጥፌለታለሁ። ባሌም ለብስክሌቱ በረንዳው ላይ ቦታ ለቋል። ደግሞ እንዳይመለስ።"

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ወደ መጋረጃው አየች። አልገለጠችውም።

አውቶቡስ በየቀኑ አለ። ጠዋት ተሳፍሮ ማታ መድረስ ነው። ለምን አልሄድኩም? ብስክሌቱ ስላላለቀ? ልጄ እዚህ ቤት ወንበር ላይ ቆማ ብስኩት ስትሰርቅ ነው ያደገችው። እዚያ እኔ እንግዳ ነኝ። "አባዬ ተቀመጥ" ብላ ወንበር ትስብልኛለች። ጥሩውን ብርጭቆ ታወጣልኛለች። ያን ማየት ነው እንዴ የከበደኝ?

ኮርቻውን አንድ ጣት ወደ ፊት ገፋሁት። መልሼ ወደ ኋላ።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ባለቤቴ "ና ውጣ፣ እግርህ ይላላ" ብላ ብስክሌቱን ፀጉር ቤቱ መሐል አስገባችው። የኋላ ጎማው እንዲንሳፈፍ በሁለት በርጩማ ደገፍነው። ወጣሁና ነዳሁ። ግራም መስታወት ነው፣ ቀኝም መስታወት ነው። መጨረሻ የሌለው የብስክሌተኛ ሰልፍ። ሁሉም እኔ ነኝ፤ አንዱም አይንቀሳቀስም።

ከጎን ራሴን አይቼ አላውቅም ነበር። ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ድረስ ወጥቷል። ባለቤቴ መጥታ ትከሻዬን ተጭና አወረደችው፤ ደንበኛ ስታስተካክል እንደምታደርገው። "ክርንህን እጠፍ። አንገትህን ልቀቅ። እንዲህ። አሁን ደህና ሰው መሰልክ።" ሐኪሙ በስንት ወር ያላገኘውን አገኘችው። መሪው ትክክል ነበር፤ የተሰቀልኩት እኔ ነበርኩ።

"ታምራለህ" አለችኝ። ቀልድ ይሁን እውነት አልለየሁትም። ፔዳሉን አላቆምኩም።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን ለማን ይነግሩታል?

ባለቤቴ ጠዋት ፊቴን አይታ፣ "እንደ ሻማ ገርጥተሃል። ይሄ ፀሐይ ያየ ሰው ፊት ነው?" አለች። ደንበኛ ሳይመጣ ፀሐይ የመታው የሚያስመስል ነገር ቀብታ ልታጠቁረኝ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ይለስልስ ብላ ነጭ ክሬም ለቀለቀችብኝ፤ ፀጉሬን በፎጣ ጠቀለለች፤ የደንበኛ ፎጣ ካባ አለበሰችኝ፤ ካስኩ ሥር አስቀመጠችኝ። እሱም እንደ ምድጃ ይነድዳል።

በሩ ተከፈተ። የአለቃ ሚስት።

ካስኩ ሥር እንዳለሁ ቀረሁ። ወዴት ልሂድ? አጠገቤ ተቀመጡ። ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ ባለቤቴ ፀጉራቸውን እስክታጥብ ለእኔ አወሩ።

"አይ እህቴ፣ ባሌ እኮ ተቀይሯል። ያ ብስክሌተኛ ከሄደ ወዲህ ራት አይበላም። ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሎ፣ ሰውየው በደወለ ቁጥር ስፒል ይነቅላል፣ ይሰካል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ብስክሌት ገዛ። በዚህ ዕድሜው!"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሰውየው በጣም ቀስ አለ። በቀን አሥር ኪሎ ሜትር። 'ታሟል፣ ደብቆናል' ይላል ባሌ። እሑድ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ድልድዩ ድረስ ሄደው ሊያገኙት ነው። ስንቅ ይዘው። እኔም እሄዳለሁ፣ ቤት ምን አለኝ?"

ነቀነቅኩ። ክሬሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ፣ ስለ ልጃቸው ነገሩኝ፣ ባላቸው ሲያለቅስ እንዳዩትና እንዳላየ ሰው እንዳለፉ ነገሩኝ። ሲነሱ እጄን ያዙት። "ደስ የምትይ ሰው ነሽ። ታዳምጫለሽ።"

ሲወጡ ባለቤቴ በሩን ቆልፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች... ሁለቱንም መሰለኝ።

ድልድዩ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከእሑድ በፊት እዚያ መገኘት አለብኝ።

ጥቅምት 30፣ ዓርብ

ዕቅዱ የባለቤቴ ነው። ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ከድልድዩ በፊት መውረድ። ጎህ ሲቀድ በኋላ በር ወጣን። መናኸሪያ ደረስን። የአውቶቡሱ ረዳት ብስክሌቱን ዞሮ አየው። የፊት መጫኛ፣ የኋላ መጫኛ፣ አራት ቦርሳ፣ ሁለት መብራት፣ ደወል፣ ባለቤቴ የሰጠችኝ የፀጉር ቤት መስታወት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ብስክሌት።"

"ይሄማ ቤት ነው። ቤት አንጭንም።"

ለመንነው። ባለቤቴ ተቆጣችው። "ጣሪያዬን ያጎብጠዋል" አለ፣ በቃ። አውቶቡሱ ሄደ።

ቆመን ቀረን።

"በል ንዳው" አለችኝ።

"መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እኮ ነው።"

"ታዲያ ለምንድነው የተሠራው?"

በሁለት ሳምንት የዋሸሁትን በሁለት ቀን መንዳት... ወጣሁበት። ስገፋ ከኋላ "ትከሻህን" ብላ ጠራችኝ። አወረድኩት።

ይህን የምጽፈው አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋውን ለቆልኝ እሱ ወንበር ላይ ነው። እግሬ የኔ አይመስለኝም።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ዳገቱ ላይ ትንሿን ማርሽ አስገባሁ። እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። አንዲት አህያ ቀድማኝ አለፈች። ዞራም አላየችኝ። ቢሆንም ወጣሁት። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳየው... ለማን ልደውል? ለሁሉም እኮ ይህን ዳገት ካለፍኩት ቆይቻለሁ ብያለሁ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

"ዳገት ላይ ነኝ።"

"እሺ።"

"ደክሞኝ ስቆም አንቺን ነው ያሰብኩት።"

የካስኩ ድምፅ ይሰማኛል። "ደንበኛ አለ፣ ቻው" አለች። ድምጿ ግን ሌላ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ አንዲት መንደር ስገባ ደወሉን አስጮኽኩ። ሰዎች ባልዲ ይዘው ከየቤታቸው ወጡ። "የት ነው እሳቱ?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። ውሃውን ይዘው ከወጡ በኋላ መመለሱ ከብዷቸው ይሆን... ለፊቴም ለእግሬም ለብስክሌቱም አፈሰሱልን።

ማታ ጫማዬን ሳወልቅ የተረከዙ ጎን ተልጧል። መጫኛው በኮረኮንቹ ተንሸራቶ ወደ ቦታው ተመልሷል ለካ። ቀኑን ሙሉ ስመታው ውያለሁ። አልሰማሁትም።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ድልድዩ ጋ ከእነሱ ቀድሜ ደረስኩ፤ ብዙም አልቀደምኩም። መኪናዋ መጣች። ቮልቴጅ፣ አለቃ በሱፍ ልብስ፣ ሚስታቸው፣ ከኋላ የአለቃ አዲስ ብስክሌት። ባለቤቴም አብራ መጥታለች።

ፊቴ የእውነት ጠቁሯል፤ ከንፈሬ ተሰንጥቋል። አለቃ አቅፈውኝ አልለቅም አሉ። "ደብቀኸናል። ታመህ ነበር።" እንባቸው ትከሻዬ ላይ ፈሰሰ። ያኔ አልቻልኩም።

"አለቃ፣ አልታመምኩም። ቤት ነበርኩ። ጓዳ። የወጣሁት ከትናንት ወዲያ ነው።"

ተያዩ።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ የዋሸሁት ነው። ተረከዜ ቦርሳውን እየመታ..."

"ፀሐይ መትታዋለች" አለ ቮልቴጅ። "መኝታ ይፈልጋል። ውሃ አምጡ።" ራሴ ላይ ጀሪካን ገለበጠብኝ። እኔ እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ውሃ ይጨምርብኛል። አለቃ እጄን ይዘው፣ "አይዞህ፣ ያልፋል" ይሉኛል። ባለቤቴን አየኋት፤ እንድትመሰክርልኝ። ወንዙን ታያለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ተውኩት። እርጥብ ሆኜ ዳቦ በላሁ። የአለቃ ሚስት ሻይ ቀዱልኝ። ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ዛሬም ታዳምጫለሽ?" አሉኝ። ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። እሳቸው ለሌላው ሊቀዱ ሄዱ፤ ምንም እንዳላሉ ሆነው።

"በል፣ ጭነንህ እንመለስ" አለ ቮልቴጅ። ሁሉም ጠበቁኝ። ብስክሌቱን አየሁት። መጫኛው ተንሸራቷል። ደወሉ ላልቷል። የፊት ጎማው ትንሽ ይወዛወዛል። ያላለቀ ነገር ሞልቷል።

"እቀጥላለሁ" አልኩ።

አለቃ ብስክሌታቸውን አስወረዱ። አብሬው ልሂድ አሉ፣ እስከሚቀጥለው ከተማ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ አብረን ነዳን፤ ደስ የሚል ሰዓት ነበር፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ይውለበለባል። መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

"ኮርቻው ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት" አሉኝ። "አንተ ቅደም፣ አስተካክዬ እደርስብሃለሁ።"

"እሺ አለቃ" አልኳቸው። ከእኔ በላይ ማን ይረዳቸዋል?

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ደረስኩ።

ሐይቁን ከሩቅ ሳየው ፔዳሌ ከበደ እንጂ አልቀለለም። ቤቷን ሳገኘው በሩ ላይ ቆምኩ። ከነብስክሌቴ። ደወሉን ልንካው? ላንኳኳ? ምን ያህል ቆምኩ... ጎረቤት የሆነች ሴት "ዕቃ ይዘው ነው?" አለችኝ። የጫንኩት ያን ያህል ነው።

በሩን የከፈተችው ልጄ ናት። እጇ ሳሙና ነው። አየችኝ። ብስክሌቱን አላየችውም።

"አባዬ።"

"መጣሁ።"

አንገቴን በሳሙና እጇ ያዘችው። ከዚያ የፈራሁት ሁሉ ሆነ። ወንበር ሳበችልኝ። ጥሩውን ብርጭቆ አወጣች። ባሏ "አባባ፣ እዚህ ይሻልዎታል" ብሎ ትራስ አመጣ፤ ሌላ ትራስ ጨመረ። እንደ ዕቃ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ቤቷ ጥሩ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው። ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፍቶኝ "መስኮቱ ሰፊ ነው" አልኩ።

ኅዳር 6

ባሏ ሥራ ሲሄድ ለልጄ ነገርኳት። ሁሉንም። ከካስኩ እስከ ባልዲው።

ውሃ አላፈሰሰችብኝም። አመነችኝ፤ ገና ሳልጨርስ።

"ተረከዝህ መታ።"

"አዎ።"

"እና ተመለስክ።"

"አዎ።"

ሳቀች፤ ጠረጴዛው ላይ እስክትደፋ። እኔም ሳቅኩ። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ሌላ ሆኗል።

"ሦስት ዓመት እኮ ነው አባዬ። ኮርቻ ሲቀየር፣ ማርሽ ሲቀየር፣ ጎማ ሲቀየር እየሰማሁ።" ሳህኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። "በአውቶቡስ ብትመጣም እኮ እከፍትልህ ነበር።"



ኅዳር 8

በአውቶቡስ ተመለስኩ። ብስክሌቱን እዚያው ተውኩት። የልጄ ባል የሚሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በእግሩ ነበር የሚሄደው። "ትንሽ የሚቀረው ነገር አለ" ልለው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ኮርቻውን ለቁመቱ አስተካክሎ፣ ቦርሳዎቹን አውርዶ፣ ምሳ ዕቃውን አስሮ ሄደ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ሥራ ገባሁ። እውነቱን እንደገና ነገርኳቸው፤ ረጋ ብዬ፣ ጥላ ሥር፣ ደርቄ። ቮልቴጅ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። "አቤት ትሕትናው።" ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አለቃ ለብቻ ጠርተውኝ የሐኪሙን አድራሻ ጠየቁኝ። አዲስ ኮርቻ ሊያስገጥሙ ነው። የዕቃ መጫኛም። "ለማንኛውም" አሉኝ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

እኔና ባለቤቴ አብረን ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ፀጉር ቤቱን ሁለት ቀን ዘግታ።

ከመናኸሪያው በእግር ነው። ባለቤቴ ሱቅ ጎራ ስላለች ቀድሜ ደረስኩ። አንኳኳሁ።

"ማነው" አላለችም። "ክፍት ነው" አለች ልጄ ከውስጥ።

ገባሁ። ምድጃው ላይ የሚንተከተክ ነገር አለ፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ወንበሩ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። መቀመጫ የለም።

"አባዬ፣ ያን ቢላ አቀብለኝና ሽንኩርቱን ላጥልኝ።"

ኮቴን አውልቄ የበሩ እጀታ ላይ ሰቀልኩት። ቆሜ ላጥኩ።